የልጄ ፀጉር አሸነፈኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የቦርከና ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከአሥር ወር በፊት እኔና ባለቤቴ አንዲት ልጅ በጉዲፈቻ ወስደናል። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ከየት እንደመጣች፣ ወላጆቿ ምን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም። ታሪኩ የሷ ነው፤ ስታድግ ለፈለገችው ትንገር። የኔ ጥያቄ ስለ ፀጉሯ ነው።

የኔ ፀጉር ሉጫ ነው። እናቴም እህቶቼም እንደዛው። ዕድሜዬን ሙሉ ታጥቤ፣ አንዴ አበጥሬ፣ በላስቲክ አስሬ ከቤት እወጣለሁ። ሹሩባ የተሠራሁት ለመልሴ ብቻ ነው፤ እሱም በሦስተኛው ቀን ተፈታ። የልጄ ግን ከርዳዳ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ። ሲያዩት ያምራል። ማበጠሪያ ሲነካው ነው ጉዱ።

ስትመጣ ፀጉር አልነበራትም። የነበረችበት ቦታ ለቅማል እያሉ ልጆቹን በሙሉ ይላጩ ነበር። ስለዚህ አሁን ራሷ ላይ ያለው ሁሉ እኛ ቤት የበቀለ ነው። ይሄን ሳስብ መቁረጥ አይሆንልኝም። እሷም መቀስ ካየች ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና አልጋ ሥር ትገባለች።

ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። በማግስቱ ዘመድ ቤት ክርስትና ነበረብን። በደረቁ ማበጠር ጀመርኩ፣ ከአናቷ ወደ ታች። ማበጠሪያው ሁለት ጥርሱ ረገፈ። አላለቀሰችም። ያሳመመኝ እሱ ነው። ድምፅ ሳታሰማ ጉልበቴን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ቆየች። ስጨርስ ቆዳዬ ላይ የጥፍሯ ምልክት ነበር። ኩሽና ገብቼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

አማቴ «ላጪያት፤ ተላጭቶ ሲያድግ ይለሰልሳል» ይላሉ። ጎረቤቴ ካውያ አድርጊላት ትለኛለች። ቅቤ የሚሉም አሉ። የሥራ ቀን ባንክ ነው የምውለው፤ ጊዜዬ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው። ከምን ልጀምር?

—

ሹሩባ ከሸዋበር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡05

አብሽሪ እህቴ። ደሴ ፀጉር ቤት አለኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በደረቁ የተበጠረ ፀጉር ስንቱን ልጅ ሲያስለቅስ አይቻለሁ መሰለሽ።

መጀመሪያ ማበጠሪያውን ጣዪው። የተሰበረውን ብቻ አይደለም፤ ጥርሱ የተጠጋጋውን ዓይነት በሙሉ። ሰፋ ሰፋ ያለ ጥርስ ያለው ግዢ። እሱንም ቶሎ አታንሺው። የመጀመሪያው ማበጠሪያ ጣትሽ ነው።

ፀጉሩን በለብታ ውሃ አርሺው። ኮንዲሽነር አትሰስቺ፤ ፀጉሩ እጅሽ ላይ እስኪያሟልጭ ድረስ ቀቢው። ከዚያ ለአራት ክፈዪው፤ ከግንባር እስከ ማጅራት አንድ መስመር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ አንድ መስመር። ሦስቱን ቆንጥጠሽ አስቀምጪና አንዱን ብቻ ያዢ። ከጫፍ ጀምሪ። ከጫፍ! ሥሩን በግራ እጅሽ ጨብጪው፣ እንዳይሳብባት። በቀኝሽ የጫፉን ቋጠሮ ፍቺ። ተፈታልሽ? ሁለት ጣት ወደ ላይ ከፍ በዪ። እንደገና። ከአናት ወደ ታች ስትጎትቺ እኮ በየመሀሉ ያለውን ቋጠሮ ጠራርገሽ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ታደርጊዋለሽ። ያንቺ ማበጠሪያ የረገፈው እዛ ላይ ነው።

ካውያ ለስድስት ዓመት ልጅ? ኧረ በአላህ።

—

ወሬ ሰለቸኝ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ዘይትና ጤፍ እንዲህ ተሰቅሎ እናንተ ስለ ፀጉር ታወራላችሁ። ላጪያትና ተገላገዪ።

—

የሐረጎ ሾፌር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ወንድሜ «ወሬ ሰለቸኝ»፣ ርዕሱን አይተህ ነው የገባኸው፤ ማን ጎተተህ?

እህቴ እኔ ወንድ ነኝ፤ ግን ይሄን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። የልጄ እናት ሪያድ ናት፣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጅቷን የማሳድገው እኔ ነኝ። በፊት ጎረቤታችን ትሠራላት ነበር። አንድ እሑድ ጎረቤቷ ለቅሶ ሄደች። ሰኞ ትምህርት አለ፣ የልጅቷ ራስ እንደ ቁጥቋጦ ቆሟል። ምን ላድርግ? ሚኒባስ ሳልይዝ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ ሸራ ማሰሪያ ገመድ ስገምድ ነው ያደግኩት። እርጥብ ፀጉሯን ትንሽ ትንሽ ከፈልኩና እያንዳንዷን እንደ ገመድ ገመድኳት።

ሚስጥሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዘለላ ትይዣለሽ። ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ቀኝ ታከሪያቸዋለሽ። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ ወደ ግራ ትጠመጥሚያለሽ። አከራረሩና አጠማጠሙ አቅጣጫቸው ካልተለያየ ወዲያው ይፈታል። ገመድም እንደዛው ነው። ሹሩባ ባትችዪ በዚህ ጀምሪ፤ የራስ ቆዳ አይስብም፣ ለመፍታትም አንድ ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከርዳዳ ፀጉር ለምን ይደርቃል ብዬ አንዷን ፀጉር ሠሪ ጠይቄያት ነበር። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል አለችኝ። በጥቅልሉ ላይ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እንደሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው፤ ጥምዝምዙ ላይ ይቀራል፣ ጫፍ አይደርስም። ኤንትሬውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

—

ነጭ ጋውን ደሴ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡30

ነርስ ነኝ። ሾፌሩ ያለው ልክ ነው። ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ክብ ሲሆን ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሞላላና ጎበጥ ያለ ሲሆን ይጠቀለላል። ቀዳዳው ደግሞ ቆዳው ውስጥ ነው ያለው። ምላጭ የሚቆርጠው ከላይ የወጣውን ብቻ ስለሆነ መላጨት ሉጫ አያደርግም። ለአማትሽ በትሕትና ንገሪያቸው።

ከማበጠርሽ በፊት ግን የራስ ቆዳዋን በቀን ብርሃን እያንዳንዱን መስመር ከፍተሽ እዪው። ክብ ክብ ሆኖ የተላጠ፣ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ ከሥሩ የተቆረጠ የሚመስል ቦታ ካለ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ልጆች በብዛት በሚያድሩበት ቦታ በማበጠሪያና በምላጭ ይተላለፋል። ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

አንድ ጥያቄ። መጀመሪያ የበቀለው ፀጉር መልኩ እንዴት ነበር?

—

የቦርከና ዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ። እያነበብኩ ነው የምስቀው፣ የማለቅሰውም።

ነርሷ፣ እንዴት አወቅሽ? መጀመሪያ የበቀለው ቀላ ያለ ነበር። ሳሳ ያለ፣ ሲነኩት የሚነቀል። ዘሯ ነው ብለን ዝም አልን። አሁን ጫፉ ላይ ቀይ አለ፣ ሥሩ ግን ጥቁር ነው። መስመር አለው፤ በብርሃን ይታያል።

የራስ ቆዳዋን ዛሬ አየሁት። ቆረቆር የለም። ከግራ ጆሮዋ በላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል ጠባሳ አለች። አሥር ወር አብሬያት ኖሬ አላየኋትም ነበር። ማን እንዳቆሰላት፣ መቼ እንደሆነ፣ አላውቅም። «ይቺ ታማሻለች?» አልኳት። «የድሮ ናት» አለችኝ።

ሌላም ልናገር፣ ለማንም ያልነገርኩት ነው። ገበያ ይዣት ስወጣ ሰው ያየኛል፣ ያያታል፣ ከዚያ ፀጉራችንን ያያል። «ያንቺ ናት? ፀጉሯን ከማን አመጣችው?» ይላሉ። ለክፋት አይደለም፤ እየሳቁ ነው። እሷ ግን ትሰማለች። ባለፈው ሻሼን ራሷ ላይ ደርባ፣ ጫፉን ጀርባዋ ላይ ለቃ፣ መስታወት ፊት ቆማ ስታወዛውዘው አገኘኋት። «ይሄ ፀጉሬ ነው» አለችኝ። «መቼ ነው እንዳንቺ የሚሆነው?»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። «እራት ቀርቧል» አልኳት።

—

ነጭ ጋውን ደሴ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

የፀጉሩ መልክ እንደ ማስታወሻ ደብተር ነው። ልጅ ለብዙ ጊዜ በቂ ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲን ካላገኘ ፀጉሩ ይቀላል፣ ይሳሳል፣ ሳይጎተት ይነቀላል። መመገብ ሲጀምር ከሥሩ ጥቁሩ ይመጣል። ያየሽው መስመር ምናልባት የናንተን ቤት እንጀራ መብላት የጀመረችበት ጊዜ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን ካላሳያችኋት ክብደቷንና ቁመቷን አስለኩ፤ የደም ማነስም ይታይላት። አሁን እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የተገኘውን ሁሉ፣ ብቻ ሳይቋረጥ ስጫት። ቅባት ከውጭ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው።

—

ከደሴ ሜሪላንድ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡40

እናንተ እንደተነሳችሁ እኔ ልተኛ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፣ የፒያሳ። ሜሪላንድ ፀጉር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ይሄን ጥያቄ ከሐበሻ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከነጭ ግን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ወደ 2,500 የሚጠጉ ልጆች ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ መጥተዋል። በኛ 2010፣ ጥር ላይ፣ ፓርላማው ለውጭ ዜጋ መስጠትን ከሕጉ አወጣው። (ሁለቱም 2010 መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።) በመሀል የመጡት ልጆች አሁን ጎረምሳና ኮረዳ ሆነዋል። ወላጆቻቸው ወደኛ ይመጡ የነበረው ጨንቋቸው ነው። የሚሳሳቱትም በሁለት መንገድ ነበር። አንደኞቹ እንደ ራሳቸው ፀጉር በየቀኑ በሻምፖ ያጥቡታል፤ ሲነኩት እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ሁለተኞቹ እንዳናሳምማት ብለው ጨርሶ አይነኩትም፤ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ሆኖ ይመጣል። አንዷን ልጅ ሁለት ሆነን አምስት ሰዓት ሙሉ ፈታናት፤ መቁረጥ ይቀል ነበር፣ እናቷ ግን እንቢ አለች።

አንድ አባት ደብተር ይዞ ነበር የሚመጣው። ቀይ ፊት፣ ትልቅ ሰውዬ፣ የእጁ ጣት ሙዝ ያክላል። ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ይጽፋል፣ ይስላል፣ «እዚህ ጋ ስንት ጣት ነው የያዝሽው?» ይለኛል። እኛ በአማርኛ እንስቅበት ነበር። በስድስተኛው ወር ልጅቷን ራሱ ሠርቷት አመጣት፤ መስመሩ ጠማማ ነው፣ ግን ሹሩባ ነው። መሳቃችንን አቆምን።

ልጅቷ ግን ከሹሩባው ይልቅ የምትወደው ቤቱን ነበር። መስታወቱን ትታ ሰዉን ነው የምታየው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ የሷን ፀጉር የመሰለ አለው። ላንቺም እሱን ነው የምመክርሽ። አንቺ እንደሷ መሆን አትችዪም፣ እሷም እንዳንቺ። እሷን የሚመስል ሰው ያለበት ቤት ግን ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ውሰጃት፣ ትቀመጥ፣ ትይ።

—

የሆጤዋ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

አያቴ አጠገቤ ናቸው፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩላቸው። እሳቸው ሲናገሩ እኔ እጽፋለሁ።

«ልጄ፣ እግዜር ያሳድግልሽ። እኛ ልጅ ሳለን ፀጉር ዕድሜ ነበር። ሕፃን ሲሆን ዙሪያው ተላጭቶ ቁንጮ ይቀራል። ከፍ ሲል ጋሜ ነው። ልጃገረድ ስትሆን ሳዱላ። ስታገባ ሹሩባ። ሰው ራስሽን አይቶ ምን እንደሆንሽ ያውቃል። ከርዳዳ ነው ሉጫ ነው የሚል አልነበረም። ዞማ ፀጉር ይወደስ ነበር፣ እሱን አልዋሽም። ግን ሹሩባ የሚይዘው የቱ ነው? ከርዳዳው! ያንቺ ዓይነቱንማ ሹሩባ ሠሪ አትወደውም ነበር፣ ይሾልካል።

«ነሐሴ 16 ሲደርስ ላስታ አሸንድዬ፣ ሰቆጣ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል ነው። የሴት ልጅ ራስ ሁሉ ተሠርቶ ይወጣል። ልጅቷን ሰው በሞላበት አምጫት። ቅቤ ቀቢያት። ለጋ ቅቤ፣ ያልተነጠረ። ባቲ ሰኞ ገበያ የአፋር ጎረምሶችን ራስ አላየሽም? በዛ በረሃ ፀጉራቸው የሚያምረው በምን ይመስልሻል?»

አያቴ ይሄን ብለው ቡናቸውን ይዘዋል።

—

ነጭ ጋውን ደሴ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

እማማን አከብራለሁ። ቅቤ እርጥብ ፀጉር ላይ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ሲሆን እርጥበቱን ይይዛል፤ እሱ ጥሩ ነው። ፎሮፎር ያለበት የራስ ቆዳ ላይ ግን አይሁን። ፎሮፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ነው የሚመገበው።

—

የሆጤዋ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡35

«ፈንገስ ስንል አልኖርንም፤ በግራዋ ቅጠል እንታጠብ ነበር» ብለዋል። ጨዋታው ጥሟቸዋል።

—

የቦርከና ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቅቤውን ግን ሳልጠይቃችሁ ሞክሬው ነበር፤ ልንገራችሁ። ደሴ ብርድ ነው፣ ቅቤው ባለበት ይረጋል። የኛ ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ናት። ጠዋት ቀብቼ ወደ ትምህርት ቤት ላክኋት። ስድስት ሰዓት ላይ ቅቤው ቀልጦ በአንገቷ ወርዶ፣ የዩኒፎርሟ ኮሌታ ዘይት ጠጥቶ መጣች። ዝንቡን አልነግራችሁም። አንዷ ልጅ «ሸተትሽ» ብላታለች። ከእንግዲህ ቅቤ የቅዳሜ ማታ ነው፤ እሑድ ጠዋት ይታጠባል።

—

ጥያቄ ብቻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣ። እኛም ልጅ ማሳደግ እንፈልጋለን። ሂደቱ ከባድ ነው? ዘመድ «በአፍ ተስማምታችሁ ውሰዱ» ይለናል።

—

የቦርከና ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

በአፍ አታድርጉት። ጉዲፈቻ ውል ነው፣ የሚጸናውም ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ዳኛው የሚያየው የልጁን ጥቅም ነው። መጀመሪያ የወረዳችሁን ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ጠይቁ። እኛ ብዙ ተመላልሰናል፤ መመላለሱ ይረሳል።

—

አወያይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

የጉዲፈቻው ጥያቄ የራሱ መወያያ ይከፈትለት። ልጅቷ ከየት እንደመጣች የጠየቁ ሁለት አስተያየቶችን አጥፍቻለሁ። እናትየው አልናገርም ብላለች፤ አበቃ።

—

ዘመናዊቷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

እኔ የምለው ለምን ትሠቃያላችሁ? የልጆች ተብሎ የሚሸጥ ሪላክሰር፣ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል፣ አለ። አንዴ ተቀብታ፣ በቢጉዲ ተጠቅልላ፣ ካስክ ሥር ከተቀመጠች አለቀ። የእህቴ ልጅ መጠቀም ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት።

—

ሹሩባ ከሸዋበር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

ይሄን ሳልመልስ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል።

ሪላክሰር ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውስጡን ሰብሮ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተው። የልጆች የሚባለው ዓይነቱ ቢለያይም ያቃጥላል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት ስምንት ዓመት ልጅ እናቷ ለምናኝ ቀባኋት። ልጅቷ «አቃጠለኝ» አለች። እናትየዋ «ትንሽ ቻዪው» አለቻት። እኔም «ሁለት ደቂቃ» አልኩ። ሳጥበው ከማጅራቷ በላይ ቆዳው አብሮ ተነሳ። ፀጉሩ እዛ ቦታ ላይ ተመልሶ አልበቀለም። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ፒያሳ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። እኔ ነኝ የማላያት።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ለልጅ ሪላክሰር አልነካም። ብሩን ይዛችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ሹሩባም ቢሆን ጠብቆ ሲሠራ ጉዳት አለው። ግንባርና የጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ስስ ነው፤ በየጊዜው ከተወጠረ ይነቀላል፣ በኋላም እንቢ ይላል። ልጅቷ ተሠርታ ስትነሳ ዓይኗ ወደ ላይ ከተሳበ ወይም ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠት ከወጣ ፍቺው፣ ገንዘብሽ ይቅር። ጥሩ ሹሩባ የተሠራ ልጅ ያን ማታ ተኝቶ ያድራል።

ቦርከና፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ይዘሻት ነይ፤ የምከፍተው ላንቺ እንጂ ለሷ አይደለም። ተማሪዋ አንቺ ነሽ።

—

የሐረጎ ሾፌር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ትራንስፖርቱ በኔ።

—

የቦርከና ዳር
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጠፋሁ አይደል? ሦስት እሑድ ደሴ ተመላለስን። ሾፌራችን ቃሉን ጠብቋል፤ አልከፈልኩም፣ ጭቅጭቁ ግን አልቀረም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ ግን ከኛ ሙቀት ተነስተሽ ሐረጎን ስትወጪ ጉሙ ይቀበልሻል። ልጄ ጉም ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። መስኮቱን ከፍታ እጇን አወጣች። «አይያዝም» አለች።

የመጀመሪያው እሑድ ማበጠሪያ እንኳ አልነካሁም። «ሹሩባ» አንድ የሚረጭ ጠርሙስ ሰጠችኝ፤ የመስታወት ማጽጃ የነበረ፣ በደንብ የታጠበ። ጠርሙሱን ለልጄ አስያዘቻት። «ውሃ በቃኝ ስትዪ ታቆሚያለሽ፤ ካመመሽ እናትሽ ላይ ትረጪባታለሽ» አለቻት። አራት ጊዜ ረጨችብኝ። አንዱ እንኳን አሟት አልነበረም፤ ለጨዋታ ነው። ሦስቱን ግን ይገባኛል።

ርዝመቱን ለካነው። ዝም ብሎ ሲያዩት ከሦስት ጣት አይበልጥም። አንዷን ጥቅልል ከጫፍ ይዤ ቀስ ብዬ ስስባት ስምንት ጣት ሆነች። ለቀቅ ሳደርጋት ዘላ ተመለሰች። ልጄ ራሷ በመስታወት አይታ «እንደገና!» አለች። ሃያ ጊዜ ያህል ሳብናት። ፀጉሯ እንደማያድግ ነበር የሚመስላት፤ እኔም እንደዛው። ለካ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የሾፌሩን ገመድ ተማርኩ። በሦስተኛው፣ ዛሬ ማለት ነው፣ ሹሩባ ጀመርኩ። ከግንባር ወደ ኋላ ስድስት መስመር። ሦስተኛው መስመር መሀል ላይ አቅጣጫ ስቶ ወደ ጆሮ ሄዷል። «ሹሩባ» ልታስተካክለው እጇን ስትዘረጋ ልጄ «ተዪው፣ እማዬ ናት የሠራችው» አለቻት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ራሷ ጉልበቴ ላይ ከበደኝ። ተኝታለች። አፏን ከፍታ፣ ምራቋ ቀሚሴ ላይ እየወረደ። እግሬ እስኪደነዝዝ ሳልንቀሳቀስ ጨረስኩት።

ማታ የምታስረው ሻሽ ከገበር ጨርቅ አሰፋሁላት፤ ለኮት ውስጥ የሚሆነው፣ ልስልሱ። ትራሷንም እንደዛው። ጥጥ ጨርቅ እርጥበቱን ይጠጣዋል ተብያለሁ። ባለቤቴ «ይቺ ልጅ የሚኒስትር ኮት ለብሳ ነው የምትተኛው» እያለ ይስቃል።

ስንመለስ አማቴ አዩዋት። ዞር አድርገው አዩዋት። ሦስተኛውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። «ይሄ ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡና «ነይ፣ ዶቃ አለኝ» አሏት።

ማታ ደግሞ ተራው የኔ ነው ተባልኩ። በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ከኋላዬ አልጋው ላይ ቆመች። ውሃ ረጨችብኝ። ጎነጎነች። በአንዱ በኩል ጨርሳ ወደ ሌላው ስትሄድ የመጀመሪያው ተፈታ። መለሰችው። ተፈታ። በጣም ተናደደች።

«ያንቺ እኮ አይይዝም» አለችኝ። «መቼ ነው እንደኔ የሚሆነው?»

—

ከደሴ ሜሪላንድ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

እዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ደንበኛ ፊት አስለቀስሽኝ። ሦስተኛውን መስመር ፎቶ አንሺው። የፊቷን አይደለም፣ መስመሩን ብቻ።

—

የሆጤዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

አያቴ «አልነገርኳትም? ይሾልካል አላልኩም?» እያሉ ነው።

—

የሐረጎ ሾፌር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

የዛሬው ጥያቄ የኔ ነው። «ሹሩባ» የሠራችበት ያ የሚያሟልጭ ነገር ተልባ ነው አይደል? እኔ ስሠራው እንደ አጥሚት ይወፍርብኛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ነጭ ነጭ ይላል።

—

ሹሩባ ከሸዋበር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡45

አስፈጭተኸው ይሆናላ። አይፈጭም፣ አይቆላም። ጥሬውን፣ እንዳለ። አንድ እጅ ተልባ በስምንት እጅ ውሃ፣ በዝግታ እሳት፣ እያማሰልክ። የጥሬ እንቁላል ነጩን ሲመስል ወዲያው አውርደው። ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጥልለው፤ ከቀዘቀዘ አያልፍልህም። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሽታው ከተቀየረ ድፋው።

—

የሐረጎ ሾፌር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

አስፈጭቼው ነበር።